የሒሳብ ፕሮግራሙ ኮምፒዩተሩን «አላውቅህም» ሲል

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የቧንቧና የመብራት ዕቃ ከውጭ አገር እያስመጡ በጅምላና በችርቻሮ የሚሸጡ አንዲት ወይዘሮ አሉ። ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የሒሳብ ሠራተኛቸው የሰኔን ወር ግዢና ሽያጭ አስልታ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያውን ለማዘጋጀት ኮምፒዩተሩን ብትከፍተው የሒሳቡ ፕሮግራም አልከፈት አላት። በመስኮቱ ላይ የወጣው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲተረጐም «ፈቃዱ የተመዘገበበት የኔትወርክ መሣሪያ በዚህ ኮምፒዩተር ላይ አልተገኘም» የሚል ነበር።

«እትዬ፣ ፕሮግራሙ ኮምፒዩተራችንን አላውቀውም አለ» ብላ ብትነግራቸው ወይዘሮዋ «ከፍለን የገዛነውን ዕቃ ደግሞ ማን ነው የሚከለክለን?» ብለው ተቈጡ። ቍጣቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ፈቃዱ በገንዘብ የተገዛ ነው፤ የአገልግሎት ዘመኑም አላለፈም፤ ኮምፒዩተሩም ሰሞኑን ሲሠራ የነበረው ያው ኮምፒዩተር ነው። ይሁን እንጂ የወሩ ሒሳብ ተቈልፎበታል፤ የማስታወቂያውም ቀን አይጠብቅም፤ ማስታወቂያውን በጊዜው ያላቀረበ ነጋዴ ቅጣትና ወለድ እንደሚከተለው የታወቀ ነው።

ይህን የመሰለ ችግር በእኒህ ወይዘሮ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። የሒሳብ መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ያዛወረ ነጋዴ ሁሉ አንድ ቀን ሊገጥመው ይችላል። ስለዚህም ምክንያቱን፣ የመመርመሪያውን ቅደም ተከተልና አስቀድሞ መደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል።

ፈቃዱ የሚታሰረው በምንድን ነው?

አውቶሞቢል ያለው ሰው ሁሉ ሊብሬ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። በሊብሬው ላይ የባለቤቱ ስም ብቻ ሳይሆን የሻንሲውና የሞተሩ ቍጥርም ተጽፎ ይገኛል። ሞተር አስለውጦ ሊብሬውን ሳያስተካክል የቀረ ሰው፣ መኪናው የገዛ ራሱ ሆኖ ሳለ፣ በምርመራ ጊዜ መቸገሩ አይቀርም። ሕጉ የሚያመሳክረው የባለቤቱን ፊት ሳይሆን ቍጥሩን ነውና።

የፕሮግራም ፈቃድም አሠራሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት አንድ ፈቃድ ሸጦ ፕሮግራሙ በዐሥር ኮምፒዩተሮች ላይ እንዳይሠራበት ስለሚፈልግ፣ ፈቃዱን ከአንድ ኮምፒዩተር ጋር ያስተሳስረዋል። ለማስተሳሰሪያ ከሚመረጡት ምልክቶች አንዱ የኔትወርክ ካርዱ ቍጥር ነው። ፕሮግራሙ በተከፈተ ቍጥር በፈቃዱ ፋይል ውስጥ የተጻፈውን ቍጥር በኮምፒዩተሩ ላይ ካገኘው ካርድ ቍጥር ጋር ያመሳክራል፤ ሁለቱ ከተስማሙ ይከፈታል፤ ካልተስማሙ ወይም ካርዱ ከነአካቴው ካልታየው «አላውቅህም» ብሎ ይመልሳል።

መሣሪያን በቍጥሩ ለይቶ የማወቅ አሠራር ለአገራችን ነጋዴ እንግዳ አይደለም። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን ስለ መጠቀም በ1999 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቍጥር 139 ከተደነገገ ወዲህ፣ ከመሣሪያው በሚወጣው ደረሰኝ ላይ የመሣሪያው መለያ ቍጥር ታትሞ ይወጣል። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያም ኢትዮ ቴሌኮም የእጅ ስልኮችን መለያ ቍጥር መመዝገብ በጀመረ ጊዜ፣ ስልክ አስመጪው ሁሉ የዕቃው መልክና የካርቶኑ ጽሑፍ ሳይሆን በውስጡ ያለው ባለ 15 አኃዝ ቍጥር ወሳኝ መሆኑን ተረድቷል።

ቍጥሩ ከየት መጣ?

ዛሬ ኤተርኔት እየተባለ የሚጠራው የኮምፒዩተር ማገናኛ ዘዴ የታሰበው እ.ኤ.አ. በ1973፣ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል፣ በሮበርት ሜትካፍና በባልደረቦቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ዲጂታል፣ ኢንቴልና ዜሮክስ የተባሉት ሦስት ኩባንያዎች ዘዴውን በጋራ ሲያወጡ፣ እያንዳንዱ ካርድ ከሌላው የማይመሳሰል ቍጥር እንዲኖረው አደረጉ። ይህም «ማክ አድሬስ» የሚባለው ነው። ቍጥሩ 12 ምልክቶች ያሉት ሲሆን፣ ምልክቶቹ ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት የላቲን ፊደሎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ 6 ምልክቶች የፋብሪካው መለያ ናቸው፤ የቀሩትን 6 ፋብሪካው ለየካርዱ ይሰጣል። በዚህ አቈጣጠር ከ281 ትሪሊዮን የሚበልጥ ቍጥር ማውጣት ይቻላል።

አንባቢያችን በተለይ ልብ ሊለው የሚገባው፣ ቍጥሩ የካርዱ እንጂ የኮምፒዩተሩ አለመሆኑን ነው። አንድ ላፕቶፕ ለገመዱ መሰኪያ አንድ ቍጥር፣ ለገመድ አልባው ዋይፋይ ሌላ ቍጥር፣ ለብሉቱዝም ሦስተኛ ቍጥር ሊኖረው ይችላል። ፈቃዱ ከእነዚህ በአንዱ ተመዝግቦ ሳለ ያ አንዱ ቢጠፋ፣ የሌሎቹ መኖር አያድነውም።

ካርዱ የሚጠፋባቸው ምክንያቶች

አንደኛው የካርዱ መዘጋት ነው። ላፕቶፑ በ«አውሮፕላን» ሁኔታ ላይ ሲደረግ ዋይፋዩ ይጠፋል። አንዳንዱ ኮምፒዩተር ደግሞ ባትሪ ለመቈጠብ ሲል ገመድ ያልተሰካበትን ካርድ ያስተኛዋል። ካርዱ አለ፤ ነገር ግን የተኛ ስለ ሆነ ፕሮግራሙ አያየውም።

ሁለተኛው የድራይቨር መበላሸት ነው። ድራይቨር ማለት ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያነጋግረው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ በታደሰ ወይም እንደ አዲስ በተጫነ ጊዜ የቀድሞው ድራይቨር ሊቀርና ካርዱ ስም የለሽ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ሦስተኛው በዩኤስቢ የሚሰካው ማገናኛ ነው። ቀጫጭኖቹ አዳዲስ ላፕቶፖች የገመድ መሰኪያ የሌላቸው በመሆናቸው ባለቤቱ አንዲት ትንሽ ማገናኛ ገዝቶ ይሰካል። ያቺ ማገናኛ የራሷ ቍጥር አላት። ፕሮግራሙ በተጫነበት ቀን ተሰክታ ከነበረ ፈቃዱ በእርሷ ቍጥር ሊመዘገብ ይችላል፤ ስትነቀል ፈቃዱም አብሮ ይነቀላል።

አራተኛው የጥገና መዘዝ ነው። በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ የኔትወርክ ካርዱ ማዘርቦርድ በተባለው ዋና ሰሌዳ ላይ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ሰሌዳው ሲለወጥ ቍጥሩም ይለወጣል። በሰሌዳው ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትሞትም የኮምፒዩተሩ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይህን ጊዜ ፕሮግራሙ ባለቤቱ ጊዜ ለማራዘም ሲል ቀኑን የለወጠ መስሎት ሊቈልፍ ይችላል።

አምስተኛው ቍጥር የሚለዋውጥ ወይም ካርድ መስሎ የሚቀርብ ነገር ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ለዋይፋይ ካርድ ተለዋዋጭ ቍጥር የመስጠት ምርጫ አላቸው፤ ምርጫው ከተከፈተ በፈቃዱ የተጻፈው ቍጥር ላይገኝ ይችላል። ቪፒኤን የተባለውን ፕሮግራም የጫነ ሰው ደግሞ በኮምፒዩተሩ ላይ እውነተኛ ያልሆነ ካርድ ይጨምራል። አንዳንድ ፕሮግራም በተራ ቀድሞ ያገኘውን ካርድ ብቻ ስለሚመለከት ይህ እንግዳ ካርድ ያሳስተዋል።

ስድስተኛው የመብረቅና የኤሌክትሪክ ጉዳት ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በእንጦጦ ተራራ ሥር፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮንና በአካባቢው ባሉት ሰፈሮች የሚነግድ ሰው የክረምቱን መብረቅ ጠንቅቆ ያውቀዋል። በመብረቅ ጊዜ የሚፈጠረው ኀይል በስልኩ የመዳብ ሽቦ በኩል ወደ ሞደሙ፣ ከሞደሙም በኔትወርክ ገመድ ወደ ኮምፒዩተሩ ሊገባ ይችላል። ኮምፒዩተሩ ሌላ ሥራውን ሁሉ እየሠራ የኔትወርክ መሰኪያው ብቻ ተቃጥሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ባለቤቱ በዋይፋይ ኢንተርኔት ስለሚያገኝ ጉዳቱን አይጠረጥርም፤ የሒሳቡ ፕሮግራም ግን ወዲያውኑ ያውቀዋል።

የመመርመሪያው ቅደም ተከተል

ከሁሉ አስቀድሞ ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የተቈለፈው ፕሮግራሙ እንጂ የሒሳቡ መረጃ አለመሆኑ ነው። የተመዘገበው ሽያጭ፣ ግዢና የዕቃ ቈጠራ በሌላ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ምንም ነገር ሳይነኩ ያን ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው። ይህ ከተደረገ በኋላ የሚሠራው ስሕተት ሁሉ ሊታረም ይችላል፤ ይህ ካልተደረገ ግን ትንሹ ስሕተት የዓመት መዝገብ ሊያሳጣ ይችላል።

ሁለተኛው ሥራ የወጣውን ጽሑፍ ቃል በቃል መጻፍ ወይም በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። «ካርዱ አልተገኘም»፣ «ቍጥሩ አይመሳሰልም»፣ «የፈቃድ ሰርቨሩ አልተገኘም» የሚሉት ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። በብዙ ኮምፒዩተር በሚሠራ መሥሪያ ቤት ፈቃዱ የሚቀመጠው በአንድ ዋና ኮምፒዩተር ላይ ስለ ሆነ፣ ሦስተኛው ጽሑፍ ሲወጣ የሚመረመረው የሒሳብ ሠራተኛው ኮምፒዩተር ሳይሆን ዋናው ኮምፒዩተርና በመካከል ያለው መሥመር ነው።

ሦስተኛው ሥራ የካርዱን ሁኔታ ማየት ነው። በዊንዶውስ ላይ «ዲቫይስ ማኔጀር» የሚባለውን መስኮት ከፍቶ የኔትወርክ ካርዶቹን ዝርዝር መመልከት ይቻላል። በስሙ ላይ ወደ ታች የምታመለክት ቀስት ካለች ካርዱ ተዘግቷልና መክፈት ነው። ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት ካለበት ድራይቨሩን እንደ ገና መጫን ነው። ስሙ ከነጭራሹ ከሌለ፣ የተደበቁትን መሣሪያዎች የሚያሳየውን ምርጫ ከፍቶ እንደ ገና ማየት ይገባል፤ ቀድሞ ተሰክቶ አሁን የሌለ መሣሪያ በደበዘዘ ጽሑፍ ይታያል። በዚያም ካልተገኘ ካርዱ ባዮስ በተባለው የመነሻ ማስተካከያ ውስጥ ተዘግቶ ወይም ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል።

አራተኛው ሥራ ቍጥሩን ማመሳከር ነው። «ኮማንድ ፕሮምት» በተባለው ጥቍር መስኮት ውስጥ «ጌትማክ» የሚለው ትእዛዝ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በሥራ ላይ ያሉት ካርዶች ቍጥር ተዘርዝሮ ይወጣል። ለምሳሌ 00-24-81-37-50-92 የመሰለ ቍጥር ይገኛል። ይህን ፈቃዱ በተገዛበት ጊዜ ከተሰጠው ወረቀት ወይም ከፈቃዱ ፋይል ጋር ማስተያየት ነው። ቍጥሮቹ አንድ ዐይነት ሆነው ፕሮግራሙ አሁንም እንቢ ካለ፣ የኮምፒዩተሩን ቀንና ሰዓት መመልከት፣ ቪፒኤኑን ለጊዜው መዝጋት፣ የዋይፋዩንም ተለዋዋጭ ቍጥር ማጥፋትና ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ይገባል። ቍጥሮቹ የተለያዩ ከሆኑ ግን በቤት ውስጥ መድከም ከንቱ ነው፤ የደረሰኙን ቍጥር፣ የድሮውንና የአዲሱን የካርድ ቍጥር ጽፎ ፈቃዱ እንዲዛወር ሻጩን መጠየቅ ነው።

ሊደረግ የማይገባው

ወደ መግቢያችን እንመለስና፣ የወይዘሮዋ ሱቅ የተጠራው ባለሙያ የመጀመሪያ ምክሩ «ኮምፒዩተሩ ፎርማት ይደረግ፤ አዲስ ፈቃድም ይገዛ» የሚል ነበር። ይህ ምክር ቢሰማ ኖሮ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት እንደ መስጠት ይሆን ነበር። ዲስኩን መደምሰስ የካርድን ቍጥር አይመልስም፤ እንዲያውም የፈቃዱን ፋይልና ያልተገለበጠውን ሒሳብ ይዞ ይጠፋል።

አዲስ ፈቃድ መግዛትም ቀላል ወጪ አይደለም። ከውጭ አገር የሚመጣ ፕሮግራም ዋጋው በዶላር የሚተመን በመሆኑ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በቸልታ የጠፋ ፈቃድ ዛሬ የሚተካው በእጥፍ ብር ነው ማለት ነው።

ሌላው ፈተና ቍልፉ የተሰበረ ፕሮግራም በርካሽ የሚያቀርበው ሰው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል ቈጥሮታል። ይኸው አዋጅ ሕጋዊው ባለቤት ለመጠባበቂያ የሚሆን ቅጂ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ የተሰረቀ ፕሮግራም ግን የሚያስጠይቅ ከመሆኑም በላይ፣ በውስጡ ምን እንደ ተደበቀበት ስለማይታወቅ፣ የነጋዴውን የባንክና የደንበኛ ምስጢር ለማይታወቅ ሰው አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። የካርድን ቍጥር በዘዴ ለውጦ አንዱን ፈቃድ በሁለት ኮምፒዩተሮች ላይ ማሠራትም ውልን ማፍረስ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዕቃ ሲያስመጣ የዋጋ ማቅረቢያውን መሥመር በመሥመር የሚመረምር ነጋዴ የፕሮግራምን ውል ሳያነብ መፈረም አይገባውም። ሻጩን እነዚህን አምስት ነገሮች ይጠይቅ።

ፈቃዱ የሚታሰረው በየትኛው ምልክት ነው? በኔትወርክ ካርድ ከሆነ በየትኛው ካርድ?

ኮምፒዩተሩ ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል ወይም ሰሌዳው ቢለወጥ ፈቃዱ ያለ አዲስ ክፍያ ይዛወራልን? ስንት ጊዜ?

የማዛወሩ ሥራ ስንት ቀን ይፈጃል? በዚያ ጊዜስ በጊዜያዊ ፈቃድ መሥራት ይቻላልን?

ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ቀን ፕሮግራሙ ይከፈታልን?

ፈቃዱ ቢቋረጥ፣ ነጋዴው የቀድሞ መዝገቡን አንብቦ ለማተም ይችላልን?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። የሒሳብ ሰነድን ለዓመታት ጠብቆ ማቈየት የነጋዴው ግዴታ ነው፤ ግብር መርማሪ በመጣ ጊዜም «ፕሮግራሙ አልከፈት አለ» የሚለው ቃል ሰነድ አይሆንም።

መልሶቹ በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ይስፈሩ። ከዚህም ጋር የካርዱ ቍጥር፣ የፈቃዱ ቍጥርና የተጫነበት ቀን በአንድ ወረቀት ተጽፈው ከንግድ ፈቃዱ ጋር በፋይል ይቀመጡ። ካርዱም ከተቻለ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው እንጂ የሚሰካው አይሁን። በክረምት ወራት ሱቅ ሲዘጋ የኤሌክትሪኩንም የስልኩንም ገመድ መንቀል ብዙ ወጪ ያድናል።

የወይዘሮዋ ነገር እንዴት ሆነ?

የሒሳብ ሠራተኛዋ የባለሙያውን ምክር ከመቀበሏ በፊት መረጃውን ገለበጠች፤ ከዚያም የተደበቁትን መሣሪያዎች ዝርዝር ከፍታ ስትመለከት አንድ በዩኤስቢ የሚሰካ ማገናኛ ስሙ ደብዝዞ አገኘችው። ላፕቶፑ የገመድ መሰኪያ የሌለው በመሆኑ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ፕሮግራሙን የጫነው ሰው የራሱን ማገናኛ ሰክቶ ሥራውን ጨርሶ፣ ማገናኛዋን እዚያው ትቷት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ተሰክታ ስለ ኖረች ማንም አላስተዋላትም። በዚያ ሳምንት ግን አንድ የሱቁ ሠራተኛ ላምበረት በሚገኘው መጋዘን የሚያስፈልግ መስሎት ወስዷት ነበር።

«ልጄ፣ ይህቺ የጣት ያህል ነገር ናት ሁለት ቀን ሥራ ያስፈታችን?» አሉ ወይዘሮዋ፣ ማገናኛዋ መጥታ ስትሰካና ፕሮግራሙ ሲከፈት። ማስታወቂያው ሐምሌ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ቀረበ። በማግሥቱም ፈቃዱ በላፕቶፑ የራሱ ካርድ ቍጥር እንዲዛወር ለሻጩ ደብዳቤ ተጻፈ፤ እስኪዛወርም ድረስ ማገናኛዋ ከቦታዋ እንዳትነሣ በላይዋ ላይ «አይነካም» የሚል ወረቀት ተለጠፈባት።

ነጋዴ በሱቁ ውስጥ ያለውን ሸቀጥ በዓመት አንድ ጊዜ ይቈጥራል። የፕሮግራሙን ፈቃድና ፈቃዱ የታሰረበትን ቍጥርም ከዚሁ ቈጠራ ውስጥ ቢያስገባ፣ በወር መጨረሻ ከሚመጣው ጭንቀት ይድናል።